ዓሣውን ያዳነው አፈር፦ ከጎማ የሚረግፈው ብናኝ በመንገድ ዳር መሬትና በነዋሪዎቹ ላይ የሚያደርሰው ጫና

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ የሲያትል ከተማ በምትገኝበት የፒዩጄት ሳውንድ አካባቢ፣ ኮሆ ሳልመን የሚባሉት ዓሦች በየዓመቱ ከባሕር ተነሥተው ወደተፈለፈሉባቸው ጅረቶች እየተመለሱ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከተማ አቋርጠው በሚያልፉ ጅረቶች ውስጥ ግን ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከተመላሾቹ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን በሆዳቸው እንደያዙ ይሞቱ ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ለዓመታት ሲያፈላልጉ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ገዳዩ ከመኪና ጎማ የሚወጣ ነገር መሆኑን ይፋ አደረጉ። ጎማ በአየር ውስጥ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ከኦዞን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው 6ፒፒዲ-ኪኖን የተባለ ውሁድ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ100 ናኖ ግራም (አንድ ናኖ ግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው) ባነሰ መጠን ብቻ ከተፈተኑት የኮሆ ሳልመን ዓሦች ግማሹን ይገድላል።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የውኃና የዓሣ ጉዳይ ተደርጎ ነው። በውስጡ ግን ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ነገር አለ። የመርዙ ማንነት ከመታወቁ ዓመታት አስቀድሞ፣ እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ያሉ ተመራማሪዎች ከአውራ ጎዳና የተጠራቀመውን የዝናብ ውኃ አሸዋና ኮምፖስት በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ አሳልፈው ዓሦቹን ሲያስገቡበት ዓሦቹ እንዳልሞቱ አይተው ነበር፤ ውጤቱም በ2016 ታትሟል። በኋላም በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በሚገኝ የዝናብ ውኃ ማጣሪያ መደብ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ወደ ጅረት ሊገባ ከነበረው 6ፒፒዲ-ኪኖን ውስጥ ከ90 በመቶ በላዩን እንዲህ ያለ መደብ ሊያስቀረው እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ ብዙ ከተሞች በመንገዶቻቸው ዳር ማጣሪያ መደቦችን መሥራት ጀመሩ፤ ዓሣውን ለማዳን መንገዱም ትክክለኛ ነው። ነገር ግን አፈሩ ከተቀበለው ነገር ከፊሉን ቢያፈርሰውም ሌላውን ይዞ ይቀመጣል። ውኃው ጠራ ማለት ብክለቱ ቦታ ለወጠ ማለት ነው። አፈርን እንደ ማጣሪያ ብቻ በማየታችን፣ በዚያ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት ምን እንደሚገጥማቸው የተጠየቀው በጣም ዘግይቶ ነው።

ጎማ ሲያልቅ ምን ይረግፋል?

ጎማ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጎማ ብቻ አይደለም። ከክብደቱ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ከዛፍ የሚገኘው ተፈጥሯዊ ጎማና ከነዳጅ ተረፈ ምርት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ድብልቅ ነው። የቀረው ጥንካሬ የሚሰጠው ጥቁር የካርቦን ዱቄትና ሲሊካ፣ ማለስለሻ ዘይት፣ ጎማው በሙቀት ሲበስል የሚያያይዘው ድኝ፣ የማብሰሉን ሂደት የሚያፋጥኑ ቤንዞታያዞልን የመሳሰሉ ኬሚካሎች፣ እንዲሁም ከጎማው ጥርስ ክብደት አንድ በመቶ ገደማ የሚደርስ ዚንክ ነው። ጎማው አስፋልቱን ጨብጦ ሲሽከረከር፣ በተለይም ፍሬን ሲያዝ፣ ሲታጠፍና ከቆመበት ሲነሣ፣ ጥርሱ ይፋቅና ይረግፋል። የሚረግፈውም ንጹሕ የጎማ ቅንጣት አይደለም፤ በሰበቃው ሙቀት የለሰለሰው ጎማ ከአስፋልቱ የተፋቀውን ጠጠርና አቧራ እየለበሰ ይጠቀለላል። ስለዚህ አንዱ ብናኝ በግምት ግማሹ ጎማ፣ ግማሹ ማዕድን የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሞላላ ቅርጽ ያለውና ከሌላው ፕላስቲክ ይልቅ ከበድ የሚል ነገር ነው።

መጠኑ ለማመን ያስቸግራል። የጀርመኑ የአሽከርካሪዎች ማኅበር አዳክ በተለያዩ የቤት መኪና ጎማዎች ላይ ባደረገው ልኬት፣ የአንድ መኪና አራት ጎማዎች በ1,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ በአማካይ 120 ግራም ያህል ይረግፋሉ። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚህ ስሌት ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ብናኝ መንገድ ላይ ይተዋል ማለት ነው። በ2017 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ ደግሞ የዓለምን አማካይ በነፍስ ወከፍ በዓመት 0.81 ኪሎ ግራም አድርጎ ሲገምት፣ ዝቅተኛው በህንድ 0.23፣ ከፍተኛው በአሜሪካ 4.7 ኪሎ ግራም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በአየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተንሳፍፎ ወደ ሳንባ ሊገባ የሚችለው እጅግ ደቃቁ ክፍል ጥቂቱ ነው። ቀሪው ከባድ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም። ተሽከርካሪ ሲያልፍ በሚፈጥረው ነፋስ ይገፋል፣ በዝናብ ይታጠባል፣ ጎማ በሚረጨው ውኃ ይፈናጠራል፤ ከዚያም ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ሳይርቅ መሬት ላይ ያርፋል። በስዊዘርላንድ የተሠራ ስሌት፣ ከ1988 እስከ 2018 ባሉት 30 ዓመታት ውስጥ በዚያች ትንሽ አገር አካባቢ ላይ 219 ሺህ ቶን ገደማ የጎማ ብናኝ መጠራቀሙን፣ ከዚህም ውስጥ 74 በመቶው ከመንገድ ዳር በአምስት ሜትር ውስጥ መቅረቱን አመልክቷል። ወደ ወንዝና ሐይቅ የገባው 22 በመቶ ነው። በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ግን ሚዛኑ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ስለ ውኃው ብዙ ተጽፏል፣ ስለ አፈሩ ጥቂት።

ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። በአፈር ውስጥ ያለን ማይክሮፕላስቲክ፣ ማለትም ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣት፣ ለመለየት የተለመደው ዘዴ አፈሩን ጨዋማ ውኃ ውስጥ በጥብጦ የሚንሳፈፈውን መሰብሰብ፣ ከዚያም በኢንፍራሬድ ብርሃን መመርመር ነው። የጎማ ብናኝ ማዕድን ስለለበሰ አይንሳፈፍም፣ በካርቦን ስለጠቆረም ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ በብዙ የማይክሮፕላስቲክ ጥናቶች ውስጥ እዚያው እያለ ሳይቆጠር አልፏል። አሁን የሚሠራበት ዘዴ የአፈሩን ናሙና በከፍተኛ ሙቀት አፍርሶ ከሚወጣው ጋዝ ውስጥ የሰው ሠራሽ ጎማ ምልክት የሆኑትን ውሁዶች መለካት ነው። ይህ ደግሞ ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል፤ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች እጅግ ብዙዎቹ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከቻይና የመጡትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ብናኙ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ

ብናኙ አፈር ላይ ካረፈ በኋላ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አንደኛው ጉዳይ የብናኙ አካል ራሱ ነው። ጎማ ውኃ አይመጥም፤ ብዛት ያለው ብናኝ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ሲገባ ውኃና አየር የሚተላለፉባቸው ቀዳዳዎች አቀማመጥ ይለወጣል። የመሬት ትልና ሌሎች ቆፋሪዎች ደግሞ ላይ ላዩን የነበረውን እየዋጡና እየገፉ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ይህ በሌሎች የማይክሮፕላስቲክ ዓይነቶች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በግልጽ ታይቷል። አፈርን የሚያለመልመው የትል ሥራ ብክለቱንም አብሮ የሚያሰርገው መሆኑ ያስገርማል።

ሁለተኛውና እኔ ይበልጥ አሳሳቢ ነው የምለው ከብናኙ እየተፈታ የሚወጣው ነው። ብናኙ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በባክቴሪያ ኃይል ቀስ በቀስ ይፈርሳል። በ1980 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአፈር ውስጥ ያለ የጎማ ብናኝ ግማሹ ለመፍረስ 16 ወር ገደማ እንደሚፈጅበት ለክቷል፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ በስሌቶች ውስጥ ይጠቀሳል። ቁጥሩን ብቻውን ያየ ሰው «እንግዲያው ችግሩ ራሱን በራሱ ይፈታል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ጎማው ፈረሰ ማለት በውስጡ ታስሮ የነበረው ዚንክና ኬሚካል ተለቀቀ ማለትም ነው። ዚንክ ብረት በመሆኑ አይበሰብስም። በዚያ ላይ የፈረሰው ሳያልቅ በየቀኑ አዲስ ይጨመርበታል፤ ብዙ ተሽከርካሪ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር ያለ አፈር ከብናኙ ዕረፍት የሚያገኝበት ወቅት የለውም።

የዚንክ ነገር ራሱን የቻለ ውስብስብ ጉዳይ ነው። ዚንክ በትንሽ መጠን ለተክልም ለእንስሳም አስፈላጊ ነው። በኢትዮጵያ የተሠራው የአፈር ለምነት ካርታ በብዙ አካባቢዎች የዚንክ እጥረት መኖሩን በማመልከቱ ዚንክ የተቀላቀለበት ማዳበሪያ እስከ ማቅረብ ተደርሷል። ሲበዛ ግን ትልን፣ ጥቃቅን የአፈር ነፍሳትንና ናይትሮጅንን ለተክል ወደሚመች መልክ የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። በቤልጂየም ተመራማሪዎች በ2002 የታተመ ጥናት፣ በአፈር ውስጥ የተቀላቀለ የጎማ ብናኝ ከአንድ ዓመት የደጅ ቆይታ በኋላ ዚንኩን በሚታይ መጠን መልቀቁን አሳይቷል። ሆኖም ብናኙ የአፈሩን አሲዳማነት ስለቀነሰ ዚንኩ ከሚጠበቀው ያነሰ ጉዳት አድርሷል። ይህ መልካም ዜና ይመስላል፤ በጣም አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ ግን ዚንክ በቀላሉ ይሟሟል፣ ወደ ሕያዋንም በቀላሉ ይገባል። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይነገራል፤ ገበሬው ኖራ እንዲጠቀም የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ አፈር የተገኘን ውጤት እንዳለ ወደ ደጋማው የኢትዮጵያ አፈር መገልበጥ አይቻልም።

በአፈር ነዋሪዎች ላይ የታየው

በአፈር የላይኛው ንብርብር ውስጥ፣ ከሚበሰብሰው ቅጠል ሥር፣ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነና ጅራታቸውን እንደ ምንጣቂ ተጠቅመው የሚዘሉ የነፍሳት ዘመዶች አሉ። ከእነሱም ጋር እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ትሎች ይኖራሉ። ሁለቱም የበሰበሰውን የሚመገቡና ፈንገስን እየበሉ ቁጥሩን የሚቆጣጠሩ በመሆናቸው፣ እንዲሁም በላቦራቶሪ በቀላሉ ስለሚረቡ፣ የአፈር መርዛማነት የሚለካባቸው ዋና ፍጥረታት ናቸው። በእነዚህና በሌሎች የአፈር ፍጥረታት ላይ በአውሮፓ በተደረገ ሙከራ፣ የአፈሩ ክብደት 1.5 በመቶ የጎማ ብናኝ ሲሆን የዘላዮቹ መራባት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ቀንሷል፤ በሕይወት የተረፉትም ቁጥር በአንድ አራተኛ ገደማ ወርዷል። በትሎቹ ላይ የታየው ለውጥ አነስተኛ ነበር።

ሆኖም ትሎቹ ሌላ ነገር ነግረውናል። በ2020 በቻይና ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ተመሳሳይ ነጫጭ ትሎችን የጎማ ጥርስ ብናኝ ባለበት አፈር ውስጥ አኑሮ፣ መራባታቸው መቀነሱን ብቻ ሳይሆን በአንጀታቸው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስብስብ መናጋቱንም አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአፈር ትል የበላውን ቅጠልና አፈር የሚፈጨው ብቻውን ሳይሆን በአንጀቱ ባክቴሪያ እየታገዘ ነው። በትሉ አንጀት ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ትሉ በሚጥለው ኩስ አማካይነት ወደ አፈሩ ይመለሳል። ጉዳቱን በሞቱት ትሎች ቁጥር ብቻ የሚለካ ሰው፣ ሳይሞቱ ሥራቸውን ያቆሙትን አያያቸውም።

ወደ ተክሉ ስንመጣ፣ በበርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲ በ2022 የታተመው ሙከራ ተጠቃሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ባሮ ሽንኩርትን መጠኑ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የጎማ ብናኝ በተቀላቀለበት አፈር ላይ አበቀሉ። ዝቅተኛው መጠን በአንድ ግራም አፈር 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ በመቶ ነበር፤ በዚያ መጠን እንኳ የተክሉ ዕድገት ቀነሰ። ከዚያም ባሻገር የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ)፣ አፈሩ የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የረገፈ ቅጠል የሚበሰብስበት ፍጥነት ተለወጡ። መበስበስ ሲዛባ የካርቦንና የንጥረ ነገር ዑደት ይዛባል፤ ይህም በአንድ ተክል ላይ ከሚታየው መቀጨጭ የሰፋ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ሊያነሣው የሚገባ ተገቢ ጥያቄ አለ፦ በላቦራቶሪ የተጠቀሙበት መጠን በእርግጥ በመንገድ ዳር ይገኛል ወይ? መልሱ እንደ ቦታው ነው። በአውሮፓ በመንገድ ዳር አፈር ላይ የተደረጉ ልኬቶች በአንድ ኪሎ አፈር ከጥቂት መቶ ሚሊ ግራም እስከ ብዙ ሺህ ሚሊ ግራም ይደርሳሉ። አንድ በመቶ ማለት 10,000 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የበርሊኑ ዝቅተኛ መጠን ተሽከርካሪ በሚበዛበት አውራ ጎዳና ጠርዝ ላይ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ከመንገዱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ባለ መሬት ላይ ግን የተጋነነ ነው። በሌላ በኩል በላቦራቶሪ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት አዲስ ወይም ያገለገለ ጎማ ተፈጭቶ የተገኘ ዱቄት እንጂ በእውነተኛ መንገድ ላይ ተንከባልሎ ማዕድን የለበሰና በፀሐይ ያረጀ ብናኝ አይደለም። ያረጀው ብናኝ ኬሚካሉን በከፊል ጨርሷል፤ በዚያው ልክ ግን እንደ 6ፒፒዲ-ኪኖን ያሉ አዳዲስ ውሁዶችን አፍርቷል። ስለዚህ የላቦራቶሪው ውጤት ትርጉሙ «የመንገድ ዳር አፈር ሁሉ ሞቷል» አይደለም። ትርጉሙ በጠባቡ የመንገድ ጠርዝ ላይ ጉዳቱ የሚታመን መሆኑና ከዚያ እየራቁ ሲሄዱ ጥያቄው ከብናኙ ብዛት ይልቅ ወደሚሟሟው ኬሚካል መዞሩ ነው።

ከአፈር ወደ ሰላጣ

የሚሟሟው ኬሚካል በጠርዙ ላይ አይቆምም። በ2023 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰላጣን ከጎማ የሚወጡ አምስት ኬሚካሎች በተጨመሩበት ውኃ አሳድገው፣ 6ፒፒዲንና 6ፒፒዲ-ኪኖንን ጨምሮ አምስቱም በሥር ገብተው ወደሚበላው ቅጠል መድረሳቸውን አረጋገጡ። ሰላጣው አንዳንዶቹን ኬሚካሎች በአካሉ ውስጥ እየለወጠ ቀድሞ ያልታወቁ ውሁዶችን መፍጠሩም ታይቷል፤ እነዚህን ውሁዶች የምግብ ቁጥጥር ላቦራቶሪዎች አይፈልጓቸውም፣ ምክንያቱም በዝርዝራቸው ውስጥ የሉም። ከዚያም የቪየናና የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ በገበያ ላይና በማሳ ላይ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው የጎማ ኬሚካሎችን አገኙ። በስዊዘርላንድ ገበያ በተሰበሰቡ የአትክልትና ፍራፍሬ ናሙናዎች ላይ የተደረገ ሌላ ምርመራም ከናሙናዎቹ 31 በመቶው ውስጥ ቅሪት አግኝቷል። የተገኘው መጠን አነስተኛ ነው፤ ሰላጣ መብላት አቁሙ የሚያሰኝ ነገርም የለም። ነገር ግን እነዚህ ኬሚካሎች በምግብ ውስጥ ይገኛሉ ብሎ ማንም ባላሰበበት ጊዜ ጎማው ውስጥ የገቡ ናቸው።

ወደ ማሳ የሚገቡበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። የመንገድ ዳር ብናኝ አንዱ ነው። ሌላው የመንገድ ጎርፍና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ በሚሄዱባቸው ከተሞች ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣውን ዝቃጭ እርሻ ላይ መድፋት ሲሆን፣ ስዊዘርላንድ ይህን ከ2006 ጀምሮ ከልክላለች። ሦስተኛው በተጣራ ወይም ባልተጣራ የከተማ ፍሳሽ ውኃ መስኖ ማልማት ነው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው የአቃቂን ወንዝ ተከትለው የሚለሙትን የሰላጣ፣ የቆስጣና የጥቅል ጎመን መደቦች ያውቃል። በዚያ አካባቢ አትክልት ላይ የሚገኙ ከባድ ብረቶች ለብዙ ጊዜ የጥናት ርእስ ሆነው ቆይተዋል፤ ያን ወንዝ ከሚመግቡት ነገሮች አንዱ ደግሞ የመዲናዋን አስፋልት አጥቦ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ነው።

ጭስ የሌለው መኪናም ጎማ አለው

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2024) በነዳጅ የሚሠሩ የግል ተሽከርካሪዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን አስታውቃለች፤ ከዚያ ወዲህም በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ ማለፋቸውን መንግሥት ገልጿል። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪና የአዲስ አበባን ጭስ ያየ ሰው ውሳኔው ለምን እንደተወሰደ ይገባዋል። ለአፈር ግን ውጤቱ የተለየ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ስለሚከብድና ከቆመበት ሲነሣ ኃይሉ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ ጎማውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ልዩነቱን በ20 በመቶ ገደማ የሚገምቱ የጎማ አምራቾች አሉ። በእርግጥ በሞተሩ ኃይል ስለሚቆም የፍሬን ሸራው ብናኝ ይቀንሳል። የጎማው ብናኝ ግን ጭስ ስለሌለው ለዓይን አይታይም፣ በተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራም አይለካም።

በኢትዮጵያ ያለው የተሽከርካሪ ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ችግሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብናኙ በአገሪቱ ላይ እኩል አይበተንም፤ ተሽከርካሪው በሚመላለስበት ጠባብ መስመር ዳር ነው የሚቀረው። ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ ከጋላፊ በአዋሽ አድርጎ ወደ አዳማና ሞጆ የሚመጣው ከባድ መኪና ደግሞ ከቤት መኪና ብዙ እጥፍ ጎማ ይጨርሳል። ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ይለማል፤ ከማሳው ተነሥቶም እዚያው አስፋልቱ ዳር ተከምሮ ለመንገደኛ ይሸጣል። ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና፣ ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ ባላንስና አላይመንት ሳይደረግለት ዓመት የሚሄድ ተሽከርካሪ፣ ሁሉም መርገፉን ያብሱታል። ጎሚስታ ጋ ሄዶ ነፋስ ማስለካት እስካሁን ስለ ገንዘብና ስለ አደጋ ብቻ የሚነገር ጉዳይ ነበር፤ ለጎመኑም ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ፣ ግን ለማረም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሌላ ልማድ አለ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የመንገድ ዳር ቦዮች ይጠረጋሉ፤ የወጣው ጥቁር ደለል እዚያው ጠርዝ ላይ ይከመርና ዝናብ ሲጥል ተመልሶ ይገባል፣ ወይም ለም አፈር መስሎት የሚፈልግ ሰው ለችግኝና ለጓሮ አትክልት ይወስደዋል። ቦዩ ከአስፋልቱ የታጠበው ሁሉ የሚሰበሰብበት በመሆኑ፣ በመንገዱ አካባቢ ካለ አፈር ሁሉ ብናኙ የሚጠራቀምበት ይኸው ደለል ነው። በጀርመን ከመንገድ ጠርዝ በየጊዜው እየተላጠ የሚነሣው አፈር ሌላ ቦታ ከመዋሉ በፊት ይመረመራል፤ ብክለቱ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ እንደ ቆሻሻ ይወገዳል። ደለሉን ከማሳና ከወንዝ አርቆ ለማስቀመጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ቅጠሉ የሚበላውን አትክልት ተሽከርካሪ ከሚበዛበት አስፋልት ጥቂት ሜትሮች አርቆ መትከል፣ በመካከልም ቁጥቋጦ ወይም ሣር መተው፣ ቀላልና የሚሠራ ጥንቃቄ ነው፤ የስዊዘርላንዱ የአምስት ሜትር ውጤት የሚያመለክተውም ይህንኑ ነው። ኮምፖስት የበዛበት አፈር ከእነዚህ ኬሚካሎች ብዙዎቹን ጨብጦ ወደ ሥር የሚደርሰውን ስለሚቀንስ ይረዳል። ሆኖም ይህ ሁሉ ከገባ በኋላ የሚደረግ ነው።

ከምንጩ ለመቀነስ የተወሰዱት እርምጃዎች ገና ጅምር ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው ዩሮ 7 የተባለው ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎማ መርገፍ ገደብ እንዲበጅለት አድርጓል። ገደቡ ለአዳዲስ የቤት መኪና ጎማ ዓይነቶች ከ2028፣ ለቀላል የጭነት መኪኖች ከ2030፣ ለከባድ መኪኖች ከ2032 ጀምሮ ይሠራል። በአዳክ ልኬት አንዱ ጎማ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ልዩነት ስላሳየ፣ ብዙ የሚረግፉትን ከገበያ ማስወጣት ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ዩሮ 7 ግን የሚመዝነው የሚረግፈውን ክብደት ነው፤ በውስጡ ስላለው ነገር አይጠይቅም። በኬሚካሉ በኩል ካሊፎርኒያ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ 6ፒፒዲ ያለባቸው ጎማዎች አምራቾች ምትክ እንዲፈልጉ የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ አውላለች። እዚህ ላይ የማልስማማበት ነገር አለ። የምትኩ ደኅንነት በዋናነት የሚመዘነው ኮሆ ሳልመንን ባለመግደሉ ነው፤ ከረገፈው አብዛኛው የሚያርፈው ግን ዓሣ በሌለበት፣ ትልና ፈንገስ ባለበት ነው። በዘላዮቹና በመሬት ትል ላይ የሚደረግ የመርዛማነት ፈተና በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ከተበጀለት ቆይቷል፤ ፀረ ተባይ ኬሚካል ሲመዘገብ ትል ላይ መፈተኑ ግዴታ በሆነበት አውሮፓ፣ በየቀኑ መሬት ላይ የሚረግፈውን ጎማ በዚያው ፈተና አለማሳለፍ የሚያስኬድ ምክንያት የለውም።

አስመጪ ለሆነች አገር ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት ጎማ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ጎማውም ወደ አገር ሲገባ በመጠኑና በጥንካሬው የደረጃ መስፈርት ይጠየቃል። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ማዕቀፍ የመርገፍ መለኪያ ዘዴ ስለተዘጋጀ፣ አምራቹ በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚረግፈውን መጠን በሰነዱ ላይ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ አዲስ ላቦራቶሪ አያስገነባም፤ የአውሮፓን ገደብ የማያሟላ ጎማ ሌላ ገበያ ከመፈለጉ በፊት፣ ማለትም ከ2028 በፊት፣ መስፈርቱ ውስጥ ሊገባ የሚችል አንድ ተጨማሪ መስመር ነው።